እህል ሳይቀምሱ ወደ ግሽ ዓባይ

እናቴ የሰከላ ሰው ናት። ግሽ ዓባይን እኔ በትምህርት ቤት ካርታ ሳውቀው እሷ የምታውቀው ጠበል በቀዳችበት ጀሪካን ነው። ባለፈው ሰኔ ከቲሊሊ ተነሥተን፣ በጭቃው እየተንገዳገድን ስንደርስ የያዝኩትን ቆሎ ከእጄ ነጠቀችኝ። «እህል ቀምሰህ ወደ ጠበሉ ልትወርድ ነው? ነውር አይደለም እንዴ!»

ዓባይን የሚያህል ወንዝ ከዚህች ቦታ ተነሣ ቢሉት ሰው ለማመን ይቸገራል። ረግረጋማ መስክ፣ ጠበሉ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፤ ከዚያ ግልገል ዓባይ ቁልቁል ወደ ጣና ይሄዳል። በቃ። አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ አንድ ፊደል ሳይርስ እንደመለሰላቸው ይተረካል። እናቴ ይህን ስታወራ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ምንጩ የሚሰማት ይመስል።

የፈረንጆቹ ታሪክ ግን ያስቀኛል። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ሚስዮናዊ) ፔድሮ ፓኤዝ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1618 እ.ኤ.አ. እዚህ ደርሶ ነበር። በ1770 እ.ኤ.አ. የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን ቀዳሚው እኔ ነኝ ባይ ሆነ። ውኃውን በኮኮናት ቅርፊት ቀድቶ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጆርጅ 3ኛ ጤንነት ጠጣ።

ይህን ለእናቴ ስነግራት ጥቂት አሰበችና፣ «ለመሆኑ ቁርስ በልቶ ነበር?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሃያ ሊትሩን ጀሪካን አሸክማኝ ዳገቱን ወጣን።