አባቷ ያልታወቀ

ሰሞኑን አዲስ አበባ ካለች አብሮ አደጌ ጋር በስልክ ስናወራ «ቅዳሜን የት ዋልሽ?» አለችኝ። «የባሌ ስም ማኅበር ስብሰባ ነበረብን» አልኳት። «የምን ስም ማኅበር?» የባሌን የቤተሰብ ስም የያዙ ሰዎች ዘራቸውን የሚያጠኑበት ማኅበር መሆኑን ስነግራት ሳቋን ለቀቀችው። «ደግሞ ፈረንጅ ምን ዘር ያውቃል? እናቱን መጦሪያ ቤት አስገብቶ የሚሄድ ሰው!» ይህን ከሌሎችም ሰምቼዋለሁ፤ ከገዛ ወንድሜ ጭምር። ስለዚህ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

እንግሊዝ ዘሩን ያውቃል። ለአክስቱ ልጅ ለዓመታት ላይደውል ይችላል፤ የቅድመ አያቱ አያት ክርስትና የተነሳበትን ቀን ግን ከነቤተ ክርስቲያኑ ይነግራችኋል። እኛ ደግሞ የአክስታችን ልጅ ታመመ ሲባል ሥራ ጥለን እንሮጣለን። መቼ ተወለደ ብትሉን ግን መልሳችን «በድርቁ ጊዜ፣ ኅዳር ግድም» ነው።

እዚህ እኔ በምኖርበት እንግሊዝ አገር አንድ የቤተሰብ ስም ብቻ መርጠው ዕድሜ ልካቸውን የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። ያን ስም የያዘ ሰው አውስትራሊያ ይኑር ካናዳ፣ በሕይወት ይኑር መቃብር ውስጥ፣ ይመዘግቡታል። ዘመድ መሆን አለመሆኑ ኋላ ይታያል። እንዲህ ያሉ አጥኚዎችን የሚያሰባስብ ጊልድ ኦፍ ዋን ኔም ስተዲስ የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ተቋቁሞ እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ ሌላ በየስሙ የተቋቋሙ ትንንሽ ማኅበራት ሞልተዋል። የባሌ ስም ብርቅ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም፤ ብጽፈው ሰዎቹ ወዲያው ይታወቃሉ። ማኅበራቸው መዋጮ አለው፣ መጽሔት አለው፣ በዓመት አንድ ጊዜ ስማቸው በመቃብር ድንጋይ ላይ በብዛት በሚገኝበት ገጠር ይሰበሰባል። ሰንበቴ በሉት፤ በጠላው ፋንታ ሻይ፣ በዳቦው ፋንታ ኬክ አለ።

ያስገባችኝ አማቴ ናት። ልጄ እንደተወለደ ቅጹን ሞላች፣ መዋጮዬን ከፈለች፣ «አንቺም እኮ የዚህ ቤት ሰው ነሽ» አለችኝ። ደስ አለኝ። አገሬን ትቼ ከመጣሁ ወዲህ «የቤት ሰው» ያለኝ አልነበረም።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ያየሁት ነገር አስደነቀኝ። አንድ ሽማግሌ የአንዲት ቅድመ አያታቸውን የጋብቻ ወረቀት ቅጂ አሳዩኝ። ሙሽራዋ መጻፍ አትችልም ነበር። ፊርማዋ ቦታ ላይ ጠመም ያለች የመስቀል ምልክት አለች፤ ከላይና ከታቿ በሌላ ሰው እጅ ጽሑፍ «የእሷ ምልክት» ተብሏል። ቀለሙ አንድ ቦታ ላይ ፈሷል፤ ብዕሩን የያዘችው እጅ የተንቀጠቀጠ ይመስላል። ወዲያው አያቴ ትዝ አለችኝ። እሷም ዕድሜዋን ሙሉ የፈረመችው በአውራ ጣቷ ነው።

እነዚህ ሰዎች የወረቀት ሀብታም ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1538 የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል እያንዳንዱ አጥቢያ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ አዘዘ። ከሐምሌ 1 ቀን 1837 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ራሱ ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን ይመዘግባል። በየ10 ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ አለ፤ ዝርዝሩ 100 ዓመት ተዘግቶ ቆይቶ ለሁሉም ይከፈታል። የ1921ዱ በ2022 ሲከፈት የማኅበሩ ሰዎች የፋሲካ ሌሊት ዶሮ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጠው አነጉ። እኛ አገር በመላ አገሪቱ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም ነው። ይህን ሳስብ ቀናሁ፤ አልደብቅም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ።

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛዎቹን ገጣጠሙና ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ጥቅል ወረቀት ዘረጉ። ሙሉው የዘር ሐረግ ነው። ከላይ 1600ዎቹ፣ ከታች የዛሬ ሕፃናት። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የራሱን ይፈልጋል። እኔም ልጄን አቅፌ ፈለግሁ። ባሌን አገኘሁት፤ ከሥሩ ልጄን። አጠገቡ ስሜ አለ፤ ከስሜ በላይ ግን የአባቴ ስም መኖር ሲገባው «አባቷ ያልታወቀ» ይላል።

አባቷ ያልታወቀ!

አባቴ እናቴን በቁርባን ያገባ፣ ዳዊት የሚደግም፣ ጎረቤት ተጣልቶ ለሽምግልና የሚጠራ ሰው ነበር። እኛ አገር ይህን ቃል በሰው ላይ መናገር ደም ያፋስሳል። እዚህ ግን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ ኬክ እየበሉ ያነቡታል።

ጸሐፊያቸውን ጠየቅኋቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ክፋት አልነበረባቸውም። የጋብቻ ወረቀታችንን አይተዋል። እዚያ ላይ የእኔ የመጨረሻ ስም የአያቴ ነው። የአባቴ የመጨረሻ ስም ደግሞ የእሱ አያት ነው። ሁለቱ አልገጠሙላቸውም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለእኔ አዝነው፣ «ያሳደገሽ እንጀራ አባትሽ ነው ወይስ...» አሉና ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱ ተዉት። ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ ጸጥ ባለ አዳራሽ ውስጥ ይሰማል። ሁለት ሴትዮዎች የሻይ ስኒያቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። አማቴ ፊቷ ቀላ።

እዚያው ቆሜ ቆጠርኩ። አባቴን፣ አያቴን፣ ቅድመ አያቴን፣ ምንዥላቴን እያልኩ እስከ ሰባት ቤት። ሕፃን ሆኜ አባቴ ማታ ማታ እሳት ዳር እያስቆጠረ ያስጠናኝን አንድም ሳልስት ወጣሁት። ሲያልቅ ጸሐፊው «በጣም ግሩም ነው» አሉና «ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ሰነድ ይኖር ይሆን?» ብለው ጨመሩ።

የእኔ ሰው ዘር የቆጠረው ለመዝናኛ አይደለም። ጎጃምም ጎንደርም ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን በመቁጠር ነበር፤ በአባት በኩልም በእናት በኩልም። መቁጠር ያቃተው ሰው ሸንጎ ፊት ቆሞ መሬቱን ያጣል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የተባለው በዚህ ነው። ጋብቻም ቢሆን ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይፈጸምም፤ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ሐረግ ይመዛል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ርስቱ ቀረ፤ ቆጠራው ግን በየቤቱ ኖረ። በሐሰት የሚቆጥር ሰው ዘመዶቹ እዚያው ይገትሩታል። ምስክሩ የተሰበሰበው ሰው ነው።

ለጸሐፊው በጣም በትሕትና እንዲህ አልኳቸው፦ «ያቺ በመስቀል ምልክት የፈረመችው ሙሽራ ማንበብ አትችልም ነበር። ስሟንም የአባቷንም ስም የጻፈው ሰው ከአፏ ሰምቶ ነው። የእሷ አፍ ከታመነ የእኔ አፍ ለምን አይታመንም?»

መልስ አልነበራቸውም። እኔም በኋላ ቤቴ ገብቼ አጠናሁት። እ.ኤ.አ. በ1841 ቆጠራ ላይ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ወደ ታች፣ ወደ አምስት ቤት እንዲጠጋጋ ታዝዞ ነበር፤ የ34 ዓመቱ ሰው 30 ተብሎ ይጻፋል። ይህም ሰነድ ይባላል። የ1931ዱ የእንግሊዝና የዌልስ ቆጠራ ደግሞ በ1942 እሳት በልቶት አለቀ። በ1941 ጦርነቱ ስለነበር ቆጠራ አልተካሄደም። እንግዲህ በወረቀትም መካከል ገደል አለ። ብራያን ሳይክስ የሚባሉ የኦክስፎርድ ምሁር በ2000 የራሳቸውን ስም የያዙ ወንዶችን ዘረ መል መርምረው ነበር፤ አንድ ዓይነት የአባት መስመር የተገኘባቸው ግማሽ የሚጠጉት ብቻ ናቸው። ስም አንድ ሆኖ ደም ሌላ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ታዲያ አባቷ ያልታወቀ የሚባለው ማነው?

ያን ቀን የታደገችኝ አንዲት ከዌልስ የመጣች አባል ናት። እነሱም ድሮ እንደ እኛ የአባት ስም ነበር የሚከተሉት። ፓውል የሚባለው ስም «አፕ ሃወል»፣ ማለትም የሃወል ልጅ ነበር፤ ፕራይስም «አፕ ሪስ»። ከጊዜ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ እንደተለመደው ስሙ ደረቀና ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሳይለወጥ ተላለፈ። «የዚህች ሴት ስም ትክክል ነው፤ ያልገባን እኛ ነን» አለቻቸው። እግዜር ይስጣት።

ኮሚቴው ተሰብስቦ መከረ። እንግሊዞችን የማደንቅበት አንዱ ነገር ይህ ነው፤ ስህተታቸውን ካመኑ ደንቡን ያስተካክላሉ። አሁን መዝገባቸው ላይ «በቃል የተነገረ» የሚል ዓምድ አለ። ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተናገረ ይጻፋል፤ ድምፁም ይቀመጣል።

እናቴ ጋ ደወልኩ። «እማዬ፣ የአባቴንም የአንቺንም ወገን ቁጠሪልኝ፣ ልቀዳሽ ነው» አልኳት። «ለማን?» አለች። «ለባለቤቴ ዘመዶች።» ዝም አለች። «ምን ሊያደርጉት ነው? ርስት ሊካፈሉ?» ርስት ከቀረ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ የእናቴ ጥርጣሬ ግን አልቀረም። ካሳመንኳት በኋላ ጀመረች። አባቴ ወንድ ወንዱን ነበር ያስጠናኝ። እናቴ ግን ሴቶቹንም ጠራች፦ ማን ከየት አገር እንደተዳረች፣ ማን በአንድ ዓመት ሁለት ልጅ እንደቀበረች፣ ማን ባሏን ፈትታ ርስቷን አስመልሳ እንደገባች። የእንግሊዝና የዌልስ የጋብቻ ወረቀት የሙሽሮችን እናት ስም መጻፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 እንደሆነ ላስታውሳችሁ። እናቴ ይህን ሳትሰማ ሠርታዋለች።

በራሷ ወገን አምስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይቺን የሚያውቃት ወንድሜ ነበር» አለች። አጎቴ ካረፈ ቆይቷል። አብሮት የሄደውን ማንም አይመልሰውም።

እንግዲህ ለመምጣት ቪዛ የምትጠብቁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ደሞዝ ነው። ስለ ስማችሁ የጠየቀኝ የለም። ሻንጣ ከመሸከፋችሁ በፊት የመጨረሻ ስማችሁ የማን እንደሚሆን ከወንድምና ከእህቶቻችሁ ጋር ተስማሙ። እኔ የአያቴን ይዣለሁ፣ ወንድሜ የአባታችንን፤ አንድ ማኅፀን የወጣን ልጆች በወረቀት ባዕድ ነን። እኅት ወንድም መሆናችንን ለማስረዳት ስንት ደብዳቤ እንደጻፍን እኛ እናውቃለን። በላቲን ፊደል የሚጻፍበትንም አንድ አድርጉት፤ ፓስፖርት ላይ አንድ ፊደል ስታችሁ ከገባችሁ ዕድሜ ልካችሁን ትከተላችኋለች። ባንክ ሄዳችሁ የእናታችሁን ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም ሲጠይቋችሁ አትደንግጡ፤ የእኛ እናት ስታገባ ስሟን አትጥልም፤ ያው የአባቷን ስም ንገሯቸው። የእናንተ ስም የሌለው ልጅ ይዛችሁ ድንበር ስትሻገሩ የልደት ወረቀቱን ከእጃችሁ አትለዩት። እኔን አንዴ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ልጄን «ይቺ ማናት?» ብለው ጠይቀውታል፤ እኔ እዚያው ቆሜ።

ደግሞ አያቴ ከቀዬው ርቆ የማያውቅ ገበሬ ነበር። ዛሬ ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ ነርሷ በር ላይ ብቅ ብላ የምትጠራው የእሱን ስም ነው። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። አሁን ግን ስሙን አጥርታ እንድትጠራው አስተምሬያታለሁ። በባሌ ስም ልቀይረውም አልፈለግሁም። ባል አግብቶ የአባትን ስም መጣል ለእነሱ ወግ ነው፤ ለእኔ ግን አይሆንም። ባሌም ገብቶታል።

የሚቀጥለው ዓመት ጥቅል አሁን እየተዘጋጀ ነው። ጸሐፊው የእኛን ክፍል ረቂቅ ልከውልኝ ነበር። የአባቴ ስም ከነሰባት ቤቱ አለ፤ የእናቴም ሴቶች በየቦታቸው ገብተዋል፤ አምስተኛዋ ላይ ክፍት ቦታ ትተዋል። የምንዥላቴን ስም አንድ ፊደል ስተው ስለነበር በቀይ አርሜ መለስኩላቸው።