ከአባይ በረሃ እስከ እንጅባራ፦ ሬስ ቦታው ድረስ ሄዶ ስለማየት

ፎርሙላ ዋን፣ የመኪና ሬሱን፣ እከታተላለሁ ስል ሰው ወዲያው የሚጠይቀኝ "ሄደህ አይተህ ታውቃለህ?" ብሎ ነው። አላውቅም። እዚህ ሀገር ያለን የሬስ ወዳጆች አብዛኞቻችን አናውቅም፣ እሁድ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ፊት ነው የምናየው፣ ሲበዛ ደግሞ በስልክ። ሄደው የሚያዩት ሰዎች ምን ፈልገው እንደሚሄዱ በደንብ የገባኝ ግን አውሮፓም አረብ ሀገርም ሳይሆን ጎጃም ነው፣ 2014 ዓ.ም ጥር ላይ፣ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት እንጅባራ ስሄድ። ያኔ መንገዱ እንደዛሬው አላስቸገረም ነበር፣ ጠዋት ከአዲስ አበባ ተነስተህ ማታ ማርቆስ ሻይ ትጠጣለህ።

ከጎሃ ጽዮን በኋላ ወደ አባይ በረሃ መውረድ ሲጀመር እኔ እንቅልፍ የሚባል ነገር አይወስደኝም። ጋቢና ነበር የተቀመጥኩት። ሾፌሩ ጎልማሳ ሰውዬ ነው፣ ፍሬን ብዙ አይነካም፣ ከላይ ጀምሮ በሁለተኛ ማርሽ ይዞት ነው የሚወርደው፣ ኩርባ ጋ ሲደርስ ነካ ያደርግና ይለቀዋል፣ ከፊታችን ያለው አይሱዙ ግን ፍሬን ላይ ቆሞ ስለሚወርድ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ በመስኮት ገብቶ መኪናውን ሞላው። ድልድዩን አልፈን ወደ ደጀን ሽቅብ ስንወጣ ደግሞ አንድ የተጫነ ሲኖትራክ መሀል ዳገት ላይ ቆሟል፣ ረዳቱ ላብ በላብ ሆኖ ኋላ ጎማው ስር ድንጋይ ታኮ ያደርጋል። ሾፌራችን ቀነስ አድርጎ "አይዞህ ጎበዝ" ብሎት አለፈ።

እኔ በዛ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር የማስበው ፓይክስ ፒክን ነው። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ያለ ተራራ ነው፣ በየዓመቱ ሽቅብ ሬስ ይደረግበታል፣ ወደ 20 ኪሎሜትር መንገድ፣ 156 ኩርባ፣ መጨረሻው ከባህር ወለል በላይ 4,300 ሜትር ላይ። ከአባይ ድልድይ እስከ ደጀን ያለው ዳገትም ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚያስወጣህ፣ ስለዚህ መስኮት ላይ ተለጥፌ የትኛው ኩርባ ላይ ብቆም ጥሩ አያለሁ እያልኩ ቦታ እመርጣለሁ። ፓይክስ ፒክ የሚሄድ ተመልካች ሳይነጋ ወጥቶ ቦታ መያዝ አለበት፣ ከዛ መንገዱ ይዘጋል፣ ሬሱ እስኪያልቅ መውረድ የለም፣ ቢበርድም ቢዘንብም እዛው ነህ። መኪኖቹ የሚለቀቁት ደግሞ አንድ በአንድ ነው፣ አንተ ጋ የሚያልፉት ለጥቂት ሰከንድ። ይሄን ሁሉ እያወቀ ግን ሰው ይሄዳል። ለምን?

ማርቆስ ያደርኩት ጓደኛዬ ጋ ነው። አስተማሪ ነው፣ ከኔ የባሰ የሬስ ሰው፣ ግን አንድ ነገር ላይ ፈፅሞ አንስማማም፣ እሱ ሬስ ሄዶ ማየት ገንዘብ መበተን ነው ባይ ነው። እራት ከበላን በኋላ ወሬው ወደዛው ሄደ።

"ስማ፣ ባለፈው ነሐሴ ስፓ የሄዱት ሰዎች ምን አዩ?" አለኝ።

እውነቱን ነው፣ የ2021 የቤልጅየም ሬስ (የሬሶቹን ዓመት የምቆጥረው በፈረንጆቹ ነው)። ዝናቡ አላቆም አለ፣ ህዝቡ ላስቲክ ተከናንቦ ከሶስት ሰዓት በላይ ጠበቀ፣ በመጨረሻ መኪኖቹ ሴፍቲ ካር፣ አደጋ ሲኖር ከፊት ሆና የምታዘገያቸውን መኪና፣ ተከትለው ጥቂት ዙር ዞሩና አበቃ፣ ግማሽ ነጥብ ተሰጠ። አንድም መኪና ሌላውን ሳይቀድም ማለት ነው። ከዛ ወዲህ ደግሞ በ2023 ላስ ቬጋስ ላይ የባሰ መጣ፣ የመጀመሪያው ልምምድ ገና 8 ደቂቃ ገደማ እንደሄደ አስፋልቱ ላይ ያለ የውሃ ጉድጓድ ክዳን ተነስቶ የሳይንዝን ፌራሪ ከስሩ ዘነጠለውና ልምምዱ ተቋረጠ፣ ሁለተኛው ልምምድ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲጀመር ተመልካቹን ቀድመው ውጡ ብለው አስወጥተውት ነበር፣ ባዶ ወንበር ፊት ነው የተነዳው። ለዛ ቀን ብቻ ቲኬት የገዛ ሰው ያየው በቃ እሱን ነው። ይሄን ስሰማ መጀመሪያ የደወልኩት ለሱ ነው።

ጓደኛዬ ሌላም አለው። ሬሱ 300 ኪሎሜትር ነው፣ አንተ ከተቀመጥክበት የምታየው የሱን መቶ ሜትር ወይ ሁለት መቶ ሜትር ነው። ማን ጎማ ቀየረ፣ ማን የትኛውን ጎማ ነው የገጠመው፣ ልዩነቱ ስንት ሰከንድ ነው፣ ኢንጂነሩ በሬዲዮ ምን አለው፣ ይሄን ሁሉ ቴሌቪዥን ነው የሚነግርህ። ድምፁም ቢሆን ይላል፣ እስከ 2005 የነበረው ቪ10 ሞተር እኮ ጆሮ ሳትደፍን የማትቆምለት ነበር፣ ከ2014 ጀምሮ ባለ 1.6 ሊትር ቱርቦ ሃይብሪድ ነው፣ ለዚህ ነው አውሮፕላን የምትሳፈረው? በዛ ላይ ቪዛው አለ። ኢትዮጵያዊ ሆነህ የሸንገን ቪዛ "ሬስ ላይ ነው" ብለህ ጠይቅ እስኪ። ዶላሩን ከየት ታመጣለህ። የሆቴሉ ዋጋ የሬስ ሳምንት ሲሆን እንዴት እንደሚሰቀል ይታወቃል።

የምመልስለት አጣሁ ማለት አይደለም፣ የምመልስለት የአክስቴን ልጅ ነው። አቡዳቢ ነው የምትሠራው። በዛው 2014 ዓ.ም ታህሳስ 3 ቀን እዛው ያለው ትራክ ያስ ማሪና ነበረች፣ ሃሚልተንና ቨርስታፐን ለዋንጫው እኩል 369.5 ነጥብ ይዘው የገቡበት የዓመቱ የመጨረሻ ሬስ ላይ። ሬሱ ሊያልቅ 5 ዙር ሲቀረው ላቲፊ የሚባል ሌላ ሾፌር ግድግዳ መታ፣ ሴፍቲ ካር ወጣ፣ ቨርስታፐን ፈጣኑን ለስላሳ ጎማ ገጠመ፣ ሃሚልተን በአሮጌው ጠንካራ ጎማ ቀረ፣ ከመሀላቸው ያሉትን አምስት መኪኖች ብቻ አሳለፏቸውና የመጨረሻው ዙር ላይ አምስተኛው ኩርባ ጋ ቨርስታፐን ቀደመው፣ ዋንጫውንም ወሰደ። እኔ ቤቴ ሆኜ ይሄን ሁሉ ደረጃ በደረጃ አይቻለሁ። እሷ ግን ከተቀመጠችበት ኩርባው አይታይም፣ ስክሪኑም ሰው ቆሞባታል፣ ደውላ "ምንድነው የተፈጠረው? ሰዉ ለምንድነው የሚጮኸው?" አለችኝ። ስታዲየም ውስጥ ላለችው ሰው አዲስ አበባ ያለሁት እኔ ነገርኳት። ስነግራት አለቀሰች፣ አብረዋት የነበሩት ኬንያውያንና ኡጋንዳውያን ልጆችም እያለቀሱ ነበር፣ ሁሉም የሃሚልተን ኮፍያ ያደረጉ፣ ዙሪያቸውን ብርቱካናማ የለበሰ ሆላንዳዊ፣ የቨርስታፐን ሀገር ሰው፣ ይጨፍራል። በኋላ ተረጋግታ "ዓመት ጠብቂ ካሉኝ ዓመት እጠብቃለሁ፣ እንደገና እሄዳለሁ" ነው ያለችኝ።

ጓደኛዬ "ይሄማ ስሜት ነው፣ ሬስ አይደለም" ብሎ ተኛ።

በነጋታው በአማኑኤል በደምበጫ አድርገን፣ ፍኖተ ሰላም ምሳ በልተን፣ ቡሬን አልፈን ቲሊሊ ስንደርስ አየሩ ተቀየረ፣ ጋቢ ያላመጣ ሰው እዛ ጋ ይለያል። ከዛ በኋላ መንገዱ ዳር ዲከረንስና ባህር ዛፍ ነው፣ ከሰል በማዳበሪያ ተሞልቶ ተደርድሯል፣ እንጅባራ መግቢያ ላይ የቀርቀሃ ወንበርና አልጋ የሚሸጡት ልጆች ስራ በዝቶባቸው ነበር። ሆቴል ሞልቷል፣ አንድ ደግ ሴትዮ ቤት ነው ያደርነው፣ ትኩስ ቅቅል ድንች ከአዋዜ ጋር አቀረቡልን፣ እንደዛ የሚጣፍጥ ድንች ከአዊ ውጪ አላውቅም።

ጥር 23 ጊዮርጊስ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማህበር በ1932 ዓ.ም ነው የተመሠረተው፣ አድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ። አባላቱ በአስር ሺዎች ናቸው፣ ሁሉም ባይመጣም የመጣው ሜዳውን ይበቃዋል። ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ከየአቅጣጫው ገቡ፣ ዳማው፣ ቦራው፣ አምባላዩ፣ ጉራቻው፣ ደረቱ ላይ ቀይ ጥለት የተንጠለጠለለት፣ ኮርቻው በቀይና በቢጫ የተሸለመ። አጠገቤ ቆሞ የነበረ አንድ ፈረሰኛ እግሩን ሳየው ጫማ የለውም፣ እርካቡ ውስጥ የገባችው አውራ ጣቱ ብቻ ናት፣ ሙሉ ሰውነቱን በሷ ደግፎ ይነሳል፣ ይዞራል፣ ዘንግ ይወረውራል። ጣቱ ላይ እርካቡ የሠራው ጠባሳ እንደ ቀለበት ዞሮታል። ካሜራ ቅርብ ካልመጣ ይሄን አታየውም፣ ካሜራው ደግሞ መድረኩን ነበር የሚያነሳው።

ጉግሱ ሲጀመር ምንም አይታይም ማለት ይቻላል። አቧራ ነው። የሚያባርረውና የሚሸሸው አንድ ጊዜ በፊትህ ያልፋሉ፣ ከዛ ከኋላ ሆነህ የሰው ጀርባ ነው የምታየው። ግልቢያውም እንደዛው፣ መሬቱ በእግርህ በኩል መጀመሪያ ይነግርሃል፣ ከዛ ጩኸቱ፣ ከዛ ፈረሶቹ፣ ከዛ ሄዱ። ማን እንደቀደመ ለማወቅ ሰው መጠየቅ አለብህ። ጓደኛዬ ቢኖር ኖሮ "አላልኩህም?" ይለኝ ነበር።

ጎኔ አንድ አባት ነበሩ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ በትራቸውን የተደገፉ። የወንድማቸው ልጅ ዳማ ፈረስ ላይ እንዳለ ነገሩኝ።

"ከሩቅ ነው የመጡት አባቴ?" አልኳቸው።

"ከሌሊቱ ተነስቼ በእግሬ ነው የመጣሁ ልጄ።"

"በቴሌቪዥን ያስተላልፉት የለ፣ ቤትዎ ሆነው ቢያዩት አይሻልም?"

"የልጅ ልጆቼ ያዩታል። ዳማው ግን ሰሞኑን የፊት ግራ እግሩን አሞት ነበር፣ እሱን ቴሌቪዥን ያሳየኛል ወይ?"

ዳማው ሲያልፍ አየኋቸው። ማን አንደኛ እንደሆነ አላዩም፣ ፈረሰኛውንም አላዩም፣ አይናቸው ያቺ እግር ላይ ነበር። መሬት ስትነካ፣ ስትነሳ፣ ስትነካ። ካለፈ በኋላ "ተመስገን፣ ጥሏታል" አሉና ተቀመጡ። ስንተኛ እንደወጣ ሲነግሯቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ እንጂ አልጠየቁም።

እኔ እዛ ሜዳ ላይ ነው የአክስቴ ልጅ የገባችኝ። ሰው ሬስ ሄዶ የሚያየው ሬሱን ለማየት ከሆነ ጓደኛዬ ትክክል ነው፣ ቴሌቪዥን ይበልጣል፣ ክርክር የለውም። ግን የሚሄደው ሰው የሚሄደው የሱ የሆነ ነገር እዛ ስላለ ነው። እንግሊዝ ያለው ሲልቨርስቶን ትራክ በ2023 በአራት ቀን 480,000 ሰው የገባው እንግሊዞች ስክሪን አጥተው አይደለም፣ ሃሚልተንም ኖሪስም ራስልም ልጆቻቸው ናቸው፣ ቡድኖቹም አብዛኞቹ እዛው ሀገር ነው የሚሠሩት። ሀገሩ ያለው ሞንዛ ትራክ ሄዶ ፌራሪ ሲሸነፍ የሚያይ ጣሊያናዊ በሚቀጥለው ዓመትም ይመለሳል። ጎጃምም ይሄ ድሮም የነበረ ነው፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በፈረሳቸው ስም አባ ጠና ነው የሚባሉት፣ ፈረሱና ሰውየው አይለዩም ነበር፣ ስለዚህ ፈረሱን ሊያይ የወጣ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም የሚያየው።

እና እኛ ለምን አንሄድም ሲባል "ድሃ ስለሆንን" ብቻ የሚለው መልስ አይዋጥልኝም። ድህነቱ አለ፣ ቪዛውም አለ፣ ግን አፍሪካ ውስጥ ፎርሙላ ዋን ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ1993 ደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ ላይ ነው፣ ፕሮስት ያሸነፈበት። ከዛ ወዲህ በዚህ አህጉር አንድም የለም። በዓመት 24 ሬስ እስከማድረግ ደርሰው አፍሪካን የሚዘሉ ሰዎች አፍሪካውያን ለምን ትራክ አይመጡም ሊሉን አይችሉም። ሃሚልተን ራሱ ይሄን ሲናገር ዓመታት ሆኑት፣ ስለዚህ ነው የምወደው።

ቅርባችን ያለው የኬንያው የመኪና ውድድር፣ ሳፋሪ ራሊ ነው። በ1953 የተጀመረ፣ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ በ2021 ናይቫሻ ላይ የተመለሰ። ኦዢየ ነው ያሸነፈው፣ ጃፓናዊው ካትሱታ ሁለተኛ ወጣ፣ ኑቪል እየመራ በመጨረሻው ቀን መኪናው ተሰብሮ ቀረ። ኬንያ ለኛ ቪዛ አትጠይቅም። ራሊ ደግሞ እንደ ትራክ አይደለም፣ የገጠር መንገድ ነው፣ ሰዉ ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ ቆሞ ነው የሚያየው፣ አቧራው ያው የእንጅባራው አቧራ ነው፣ እዛ የሚቆመው ህዝብ የሀገሩ ሾፌር ስንተኛ እንደሆነ እንጂ ማን አንደኛ እንደሆነ ብቻ አይደለም የሚጠይቀው። የኛም ሰው አንድ ቀን እዛ ቢሰለፍ ከዲላ ከሀዋሳ ከማርቆስ አውቶብስ ሙሉ ሰው እንደሚወጣ አልጠራጠርም።

ለጓደኛዬ ይሄን ሁሉ ስነግረው መጀመሪያ እንደ ልማዱ ተከራከረኝ፣ የእያንዳንዱን መኪና ሰዓት ከስልክ ካልተከታተልክ ራሊ ሜዳ ላይ ቆመህ ምንም አይገባህም አለኝ። ይሁን፣ ሰዓቱን እሱ ይያዝ። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ያለውን አውቶብስ አሁን እያጠያየቀ ያለው እሱ ነው፣ ድንኳኑና ጋቢው ከኔ ነው።