መነጽሬን ከማውለቄ በፊት

መነጽር ያደረግኩት ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስነቃ እጄ አስቀድሞ የሚፈልገው እሱን ነበር፤ ከትራሴ አጠገብ ካጣሁት እናቴን እጣራለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ የመነጽሬ ቁጥር ለቀኝ ዓይኔ ማይነስ 4.5፣ ለግራው ማይነስ 5 ደርሶ ነበር፤ ማይነስ ማለት ሩቁ ይደበዝዛል ማለት ነው። የምሠራው ስታዲየም አካባቢ፣ በሒሳብ ክፍል ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ እውላለሁ። ክረምት ሲመጣ ከታክሲ ወርጄ ቢሮ እስክገባ መስታወቱ በዝናብ ይሸፈንና መንገዱን በግምት እሻገራለሁ። ዓይንን በሌዘር ማስተካከል እንደሚቻል ስሰማ ገንዘብ ማጠራቀም ጀመርኩ፤ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ዛሬ ሰው የሚጠይቀኝ ያማል ወይ፣ ስንት ከፈልሽ እያለ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምነግራቸው ስለ ምርመራው ነው፤ ምክንያቱም ያለ በቂ ምርመራ አልጋው ላይ ልተኛ የቀረኝ ሦስት ቀን ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ የመነጽሬ ቁጥር በማሽን ተለካ፣ "ለሌዘር የሚሆን ቁጥር ነው" ተባልኩ፣ ቀብድ ከፈልኩ፣ ተቀጠርኩ። በቃ። አንዳንዴ በመነጽር ፈንታ ዓይን ላይ የሚለጠፍ ሌንስ አደርግ ነበር፤ እስከዚያው ዕለት ጠዋት ድረስ ዓይኔ ውስጥ እንደነበር ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም መናገር እንዳለብኝ አላወቅኩም። ያዳነችኝ ከእኔ በፊት የተሠራች የቢሮ ባልደረባዬ ናት። ቡና እየጠጣን ደስታዬን ስነግራት ስኒዋን አስቀምጣ "ሌንስሽን ካወለቅሽ ስንት ቀን ሆነሽ?" አለችኝ። ሌንስ የዓይንን ብሌን፣ ማለትም ከፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን (ኮርኒያ)፣ ተጭኖ ቅርጹን ይለውጠዋል፤ በተለወጠ ቅርጽ ላይ የተወሰደ ልኬት ደግሞ ሌዘሩን ያሳስታል። ለስላሳው ሌንስ ከምርመራው በፊት ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት፣ ጠንካራው ደግሞ አንድ ወር ያህል መውለቅ አለበት። ቀጠሮውን ሰረዝኩ። ቀብዱ አልተመለሰልኝም።

ሁለተኛዋ ሐኪም ማሽን ከመንካታቸው በፊት ብዙ ጠየቁኝ። ቁጥርሽ ባለፈው ዓመት ተለውጧል? እርጉዝ ነሽ ወይስ ጡት ታጠቢያለሽ? ዓይንሽ ይደርቃል፣ ይቆረቁርሻል? ከቤተሰብ የዓይን ችግር ያለበት አለ? የቀድሞ የመነጽር ማዘዣዎቼንም እንዳመጣ አዘዙኝ። ቁጥሩ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይለወጥ መቆየት ስላለበት በቃል ብቻ ማመን አልፈለጉም። እናቴ የመድኃኔዓለም ሥዕል ባለበት መሳቢያ ውስጥ የወረቀት ክምር ስለምታስቀምጥ የሦስት ዓመቱን አገኘሁት። ማዘዣችሁን አትጣሉ።

ከዚያ ሌንሴን ካወለቅኩ በሁለት ሳምንቴ ተመልሼ ሄድኩ። አገጬን ማሽኑ ላይ አሳርፌ ክብ በክብ የተደረደሩ ብርሃኖችን ተመለከትኩ፤ ከዚያ የተገኘው የብሌኔ ካርታ ነው። ቀለሙ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ነበር። የብሌኔ ውፍረት 480 ማይክሮን ሆነ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። የአብዛኛው ሰው 540 አካባቢ ነው። ሐኪሟ ወረቀት አውጥተው ቀንስ እያሉ አሳዩኝ። ላሲክ በሚባለው ዘዴ ከብሌኑ ላይ ስስ ክዳን ይቆረጣል፤ እሱ 110 ማይክሮን ገደማ ይወስዳል። ለማይነስ 5 ሌዘሩ ሌላ 75 ማይክሮን ያነሣል። ከሥር የሚቀረው 295 ነው። "ከ250 በታች መውረድ የለበትም፤ እኔ ግን ወደዚያ መስመር መጠጋትም አልወድም" አሉኝ። እንድመርጥ የመከሩኝ ክዳን የማይቆረጥበትን፣ የብሌኑ ላይኛ ቆዳ ብቻ ተነሥቶ ሌዘሩ ከላይ የሚሠራበትን ፒአርኬን ነው። ቆዳው በራሱ ይተካል። ዋጋው ደግሞ ሕመሙና የፈውሱ መዘግየት መሆኑን ሳይደብቁ ነገሩኝ። ላሲክ የተሠራ ሰው በማግሥቱ ያያል፤ ፒአርኬ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይጠይቃል።

በዚያ ቀን ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ነበር። የዓይንን ጥቁር ቀዳዳ የሚያሰፋ ጠብታ ስለሚጨመር ብቻዬን ወደ ቤት መመለስ አልችልም ብዬ ነው የጠራሁት። እሱም መነጽር ስለሚያደርግና ቁጥሩ በየዓመቱ ስለሚጨምር፣ "እኔንም ይዩኝ" አለ። ሐኪሟ ሲያዩት ያደረጉት የመጀመሪያ ጥያቄ "ዓይንህን ታሻለህ?" የሚል ነበር። ያሻል። ከልጅነቱ ጀምሮ በጋ ሲገባ ዓይኑ ይቀላል፣ ያሳክከዋል፣ በጣቱ መገጣጠሚያ እየጫነ ያሸዋል፤ እማዬ "ተው" እያለች አድጓል። ካርታው ሲወጣ ከታች በኩል ቀይ ሆኖ ወደ ፊት ሾሏል። ኬራቶኮነስ ይባላል። ብሌኑ እየሳሳ እንደ ሾጣጣ የሚወጣበት ሕመም ነው። እንዲህ ያለ ብሌን ላይ ሌዘር ቢደረግ የሳሳውን ይበልጥ ያሳሳዋል፤ ሾጣጣው ፈጥኖ ይባባሳል፤ መጨረሻው ብሌን እስከመቀየር ሊደርስ ይችላል። የመነጽር ቁጥር ብቻ ሲለካ ይህ አይታይም። እኔን በሦስት ቀን የቀጠሩኝ ቦታ እሱ ቢሄድ ኖሮ እያልኩ ሌሊት እነቃለሁ።

ለእሱ የታዘዘለት ሪቦፍላቪን የተባለ ቫይታሚን ተጨምሮ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ብሌኑን የሚያጠነክር ሕክምና ነው። መነጽር አያስጥልም፤ ያለበት ቦታ እንዲቆም ያደርጋል። ማሸት ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ክልክል ሆነ።

የእኔ ቀን ታኅሣሥ 26 ነበር። ኩል አልተኳልኩም፣ ሽቶ አልተቀባሁም፤ የሽቶ ትነት የሌዘሩን ሥራ ያውካል ተብያለሁ። መርፌ የለም፤ ማደንዘዣው ጠብታ ነው። ሽፋሽፍቴን በፕላስተር አስይዘው የዓይኔን ቆብ በትንሽ መክፈቻ ከፈቱት። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ተጨመረ፣ ላይኛው ቆዳ ተጠረገ፣ የማየው አረንጓዴ ነጥብ ፈርሶ እንደ ጭጋግ ተበተነ። ከዚያ ተክ ተክ ተክ የሚል ድምፅና የተቃጠለ ጸጉር የመሰለ ሽታ መጣ። ሽታው አስደነገጠኝ። ሐኪሟ ሴኮንዱን ጮክ ብለው እየቆጠሩልኝ ነበር፤ የያዝኩት ቁጥራቸውን ነው። ሳይቆይ አለቀ፤ እንደ ፋሻ የሚያገለግል ሌንስ ተደረገልኝ።

ሕመሙን አላሳንሰውም። ገና በሦስተኛው ቀን ዋለ። ጎረቤት ሁሉ ዶሮ ሲሠራ እኔ መጋረጃው በተዘጋ ክፍል ዓይኔ ውስጥ አሸዋ እንደተበተነ ሰው ተኝቼ እንባዬ ይፈስሳል። የሽንኩርቱ፣ የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ በበሩ ሥር ይገባል። እማዬ ዓይኔን ላለማስለቀስ ቡናውን ግቢ አውጥታ አፈላች። አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፦ በዚያ ሰዓት ማደንዘዣ ጠብታውን ስጡኝ ብላችሁ አትለምኑ፣ ከፋርማሲም አትግዙ። ደጋግሞ የተጨመረ ማደንዘዣ ብሌኑን እንዳይድን ያደርጋል፤ ዓይን ያጠፋል። የታዘዘላችሁን ማስታገሻ ዋጡና ጨለማ ውስጥ ተኙ። አራተኛው ቀን ይለያል።

ጥር 1 ሌንሱ ወጣ። ያን ጊዜ ነው ያዘንኩት፤ ሁሉም ነገር በዘይት የተቀባ ይመስል ነበር። ዐሥር ቀን ፈቃድ ወስጄ አልበቃኝም፤ የኮምፒውተሩ ቁጥሮች ድርብ ሆነው ይታዩኝ ነበር። ፒአርኬ የምትሠሩ ከሆነ ከሥራችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ጠይቁ። ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለውን ዓይን ማርጠቢያ ጠብታም አስቀድማችሁ ግዙ፤ እኔ ጠብታው እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል የሌለበትን ፍለጋ ወንድሜን ከለገሃር እስከ ጥቁር አንበሳ ፋርማሲ ለፋርማሲ አንከራትቼዋለሁ። ስቴሮይድ የተባለ ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት ያለበት ጠብታ ለሳምንታት ስለሚወሰድና የዓይን ግፊት ሊጨምር ስለሚችል የክትትል ቀጠሮ አይታለፍም። ዋጋ ስትጠይቁ ጠብታውና ክትትሉ በውስጡ መሆኑን፣ ቁጥሩ ጥቂት ቢመለስ ድጋሚው በማን ወጪ እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ጥምቀት ደረሰ። እማዬ ከጃን ሜዳ ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛልኝ መጣች፤ ዓይኔን ልታጥበኝ። እኔ ደግሞ ወር እስኪሞላኝ ውኃ እንዳይነካው ታዝዣለሁ። ብሌኑ ገና ጥሬ ነው፤ ውኃ ያመጣው ተሕዋስ ቢገባ ቁስል ይሆናል። እምቢ ማለት አቃተኝ፤ ተንበርክኬ ቆየሁ። እሷ ዓይኔን አየችና ጸበሉን በብርጭቆ ቀድታ "እንግዲያው ጠጪው" አለችኝ። ጠጣሁት።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ፀሐይዋ ይበረታል፤ ከፒአርኬ በኋላ ደግሞ አልትራቫዮሌት ብሌኑ ላይ ጉም ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ለወራት ያለ ፀሐይ መነጽር ከቤት አልወጣሁም። የመንገድ ሥራው አቧራም ሌላ ምክንያት ነበር። በሁለተኛው ወር ሜክሲኮ አደባባይ ቆሜ የታክሲውን ታርጋ ከሩቅ አነበብኩ። ማታ ማታ ግን የመኪና መብራት ዙሪያ እስከ ዛሬ ቀለበት አያለሁ፤ በፊት ከነበረው አንሷል፣ አልጠፋም። አርባ ዓመት ሲያልፈኝም እንደ ማንኛውም ሰው የማንበቢያ መነጽር ሊያስፈልገኝ ይችላል። ይህንንም ሐኪሟ አስቀድመው ነግረውኛል።

ወንድሜ ከሕክምናው በኋላ በስድስተኛው ወር ለክትትል ሲሄድ አብሬው ገባሁ። አገጩን ማሽኑ ላይ አሳረፈ፣ ሁለቱን እጆቹን ጭኑ ሥር ከቷቸው ነበር። ሐኪሟ አዲሱን ካርታ አትመው ከድሮው ጎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት፤ ቀዩን ቦታ በእስክሪብቶ ጫፍ ከአንዱ ወደ ሌላው እያሻገሩ ለካኩት። "አልጨመረም" አሉ።