የእጣቢ ውሃን በተክል ግድግዳ እንዴት እንዳጣራሁ

የሻወርና የእጅ መታጠቢያ ውሃ ዝም ብሎ ሲፈስ ማየት ያንገበግበኝ ነበር። ሳሙና፣ ላብና ጸጉር እንጂ ሌላ ብዙ ቆሻሻ የለበትም እኮ። ለዚህ ነው ጓሮ ባለው ግድግዳ ላይ ተክል ደርድሬ ማጣራት የጀመርኩት። የሽንት ቤቱን ውሃ ፈጽሞ አላስገባም። የወጥ ቤቱንም ትቼዋለሁ፣ ቅባቱ ሁሉን ነገር ይደፍናል።

ውሃው በወንፊት አልፎ በርሜል ውስጥ ይጠራቀማል፣ ትንሽ ፓምፕ ወደ ላይኛው ረድፍ ይገፋዋል፣ ከዚያ ከሳጥን ሳጥን እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ሳጥኖቹ ውስጥ አፈር የለም። አፈር ሲርስ ይጠቀጠቅና ውሃ አላሳልፍ ይላል። የሞላሁት ፐርላይት (በሙቀት ያበጠ ቀላል ነጭ የድንጋይ ፍርፋሪ) እና የኮኮናት ቃጫ ነው፤ ፐርላይቱ ቶሎ ያሳልፋል፣ ቃጫው ያዝ ያደርጋል። መጀመሪያ አካባቢ ከታች የሚወጣው ውሃ ሻይ ይመስላል። አትደንግጡ፣ የቃጫው ቀለም ነው፣ እየታጠበ ይለቃል።

ሰው የሚያየው ቅጠሉን ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ግን በቃጫውና በሥሩ ላይ የሚለጠፉት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ ቆሻሻውን የሚበሉት እነሱ ናቸው፣ ለዚህ ደግሞ አየር የግድ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ፓምፑን ታይመር ላይ አድርጌዋለሁ፦ ትንሽ ያጠጣል፣ ያርፋል። ውሃው ሲወርድ አየር ተከትሎት ይገባል። ፓምፑ ያለ እረፍት ካጠጣ ሳጥኑ ይታፈንና ይሸታል። በርሜሉ ውስጥም ውሃ ከ24 ሰዓት በላይ አላሳድርም፣ ምክንያቱ ያው ነው።

ሳሙናችሁን አደራ። በረኪና ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል። ቦሮንና ሶዲየም የበዛበት ሳሙና ተክሉን ይጎዳል፣ የዱቄት ሳሙና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሶዲየም ይበዛበታል። የቅጠሉ ጫፍ ቡናማ ሆኖ መድረቅ ከጀመረ መጀመሪያ የምጠረጥረው ከሳሙናው የሚጠራቀመውን ጨው ነው። ወንፊቱንም ቶሎ ቶሎ አጸዳለሁ፤ ጸጉርና ሳሙና ተያይዘው የሚያዳልጥ ሽፋን ይሠሩና ውሃው በጎን ይፈስሳል።

ሳጥኖቹ ውሃ ሲጠጡ በጣም ይከብዳሉ። ራሱን የቻለ የብረት ፍሬም ላይ ስቀሏቸው፣ ከግድግዳው ጋርም ክፍተት ይኑራቸው፣ አለዚያ እርጥበቱ ቤቱን ይበላዋል።

ውሃው ጠራ ማለት ጀርም የለውም ማለት አይደለም። አይጠጣም፣ ጥሬ በሚበላ አትክልት ላይም አላፈስሰውም። እኔ በተቀበረ ቱቦ ለዛፎች ሥር ነው የምሰጠው። ለሽንት ቤት ማውረጃ የሚፈልግ ሰው በክሎሪን ወይም ጀርም በሚገድል የዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ያክመው፣ ክሎሪኑ ግን ግድግዳውን ካለፈ በኋላ ይግባ።