በገብርኤል ቀን ጮቄ ላይ የሆነልኝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት ለማውጣት ዓመታት ዘግይቻለሁ። ለቅዱስ ገብርኤል በተሳልኩ ጊዜ «ጥላ አገባለሁ፣ ያደረግህልኝንም ለሰው እናገራለሁ» ብዬ ነበር። ጥላውን አገባሁ፣ ንግግሩን ግን ዋጥኩት። ነገሩ እንደሆነው ከተነገረ የእኔም ስንፍና አብሮ ስለሚወጣ አፍሬ ነው።

የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ፣ የጤና ባለሙያ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሥራዬ ክትባት በሞተር ሳይክል ጭኖ ጮቄ ተራራ ላይ ወዳሉት ቀበሌዎች ማድረስ ነበር። ማርቆስ ራሷ ደጋ ናት፤ ጮቄ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ገብስና ድንቹ እያነሰ፣ ጓሳውና ጅባራው እየበዛ ሲሄድ ሞተሩም እንደ ሰው ማለክለክ ይጀምራል። እዚያ ከፍታ ላይ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ከመቶ 60 ያህሉ ብቻ ነው፤ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ቤንዚኑን እንደ ቀድሞው ያፈስሰዋል። ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ ሲያንስ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ጉልበቱም ይከዳል። ስለዚህ ትርፍ ካንዴላ ከኪሴ አይጠፋም ነበር። ካንዴላ የሚይዝ ሰው ጥንቁቅ ይመስላል አይደል? እኔም ራሴን እንደዚያ አድርጌ ነበር የማየው።

ሞተሩ የመሥሪያ ቤት ነው፣ ከእኔ በፊት ብዙ እጅ አልፎበታል። ሁለት ሕመም ነበረው። አንደኛው የጋዝ እጀታው ማለትም የነዳጅ መስጫው ገመድ ነው። ይህ ገመድ ከቀኝ መሪው ተነሥቶ በላስቲክ ቱቦ ውስጥ አልፎ ካርቡሬተሩ ድረስ የሚሄድ፣ ከቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደ ነው። አንዷ ሽቦ ስትበጠስ ጫፏ ቱቦው ውስጥ እንደ እሾህ ትቆማለች። እጀታውን ጠምዝዘህ ስትለቀው ስፕሪንጉ ወደ ቦታው መመለስ ሲገባው እሾኋ ትይዘዋለች። መካኒካችን ሁልጊዜ የሚለው ነገር ነበረ፦ ሳትነሣ በፊት ሞተሩን ሳታስነሣ እጀታውን ጠምዝዘህ ልቀቀው፤ መሪውን ወደ ግራ ጥግ አዙረህ ሞክር፣ ወደ ቀኝ ጥግ አዙረህ ሞክር። በሦስቱም «ጠብ» ብሎ ካልተመለሰ እንዳትወጣ።

«ዶክተር» አለኝ አንድ ቀን (ዶክተር አይደለሁም፣ ነጭ ጋዋን የለበሰን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው) «ይህ ገመድ ተፈልቅቋል። ቀይረው።»

«በጀት ሲለቀቅ» አልኩት። ገመዱ ከኪሴ ቢገዛም የሚያከስር አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ረሳሁት።

ሁለተኛው ሕመም ቀዩ ቁልፍ ነው። ቀኝ አውራ ጣት አጠገብ ያለው፣ በአደጋ ጊዜ ሞተሩን ባንዴ የሚያጠፋው ቁልፍ። ሞተሩን ከተረከብኩ ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም። ወደ ላይ ብትገፋው፣ ወደ ታች ብትገፋው፣ ሞተሩ ዝም ብሎ ይሠራል። እኔም በመክፈቻው እያጠፋሁ ስለምውል ጌጥ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

ሐምሌ 19 ለመውጣት ስዘጋጅ እናቴ ደጃፍ ላይ ቆመች። «በገብርኤል ቀን? ዛሬ እንኳ ብታርፍ ምን አለበት?» አለች። ቀኑን የመረጥነው ራሳችን ነበርን፤ ገበሬው በበዓል ሥራ ስለማይነካ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባሉ፣ እኛም ከቅዳሴ በኋላ እዚያው እንከትባለን። ይህን አስረዳኋት። «ወጥቶ ከመቅረት ይሰውርህ» ብላ በመስቀል ምልክት አማተበችብኝ። የጋዝ እጀታውን ግን አልሞከርኩም። ዝናቡ ሳይመጣ ልድረስ ብዬ ቸኮልኩ።

ክትባቱ ባማረ ሁኔታ አለቀ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ሙያዬ ስለሆነ አላልፈውም፦ ሰው ክትባት ሙቀት ብቻ የሚያበላሸው ይመስለዋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት፣ ግን ፔንታቫለንትን (አምስት በሽታ ባንዴ የሚከላከለውን የሕፃናት ክትባት) የመሰለው ከቀዘቀዘና በረዶ ከሠራ ዋጋ የለውም። ጮቄ ላይ የምፈራው ብርዱን ነበር። ሳጥኑን ከኋላ አስሬ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬው ነበር የምሄደው።

ስመለስ ወደ ረቡዕ ገበያ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ በረዶው ጣለ። ጮቄን ለማያውቅ፦ የክረምት በረዶ እዚያ ሲወርድ በደቂቃ ውስጥ ምድሩን ነጭ ያደርገዋል፣ መንገዱም ሽምብራ የተነጠፈበት አውድማ ይሆናል። ጎማው የሚይዘው ነገር የለም። ማቆም ነበረብኝ። «ትንሽ ዝቅ ልበል» ብዬ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያልኩ ወረድኩ። ጓንት አላደረግሁም፣ ጣቶቼ የእኔ አይመስሉኝም ነበር።

ከፊቴ ሁለት በጎች ብቅ ሲሉ እነሱን ለማለፍ መሪውን ወደ ቀኝ አጠፍኩና ትንሽ ጋዝ ሰጠሁ። ለቀቅሁት። አልተመለሰም።

ሞተሩ ጮኸ። ከሥር በስተግራ ገደል ነው፣ ከታች ውሃ ይሰማል። ፍሬን ስይዝ የኋላው ጎማ ወደ ገደሉ ተንሸራተተ፣ ለቀቅሁት። ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ሳብኩ፤ ትክክለኛው ነገር ያ ነበር፣ ግን የደነዘዙ ጣቶቼ ሊይዙት አልቻሉም፣ አመለጠኝና ሞተሩ እንደ በቅሎ ዘለለ። መክፈቻው መሪው መሐል ነው፣ እጄን ብሰድ መሪውን ልለቅ ነው።

«ገብርኤል ድረስልኝ!» አልኩ። ሌላ ቃል አልወጣኝም። የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ረሳሁት። እያልኩም የቀኝ መዳፌ ሄዶ ቀዩን ቁልፍ መታው። የማይሠራ መሆኑን አውቃለሁ! ለምን እንደመታሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሞተሩ ጠፋ።

ያ ጸጥታ ከጆሮዬ አይጠፋም። በረዶው ጅባራው ቅጠል ላይ ሲንጠባጠብ ብቻ ነበር የሚሰማው። በጎን ወደ ዳገቱ ተጋደምኩ፣ ሞተሩ እግሬ ላይ ወደቀ፣ የፊተኛው ጎማ ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ክንድ ያህል ቀርቶት ቆመ። ቁርጭምጭሚቴ አበጠ እንጂ አልተሰበረም። የክትባት ሳጥኑ ጋቢውን እንደለበሰ ነበር።

ባና የደረቡ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ እረኛ ሮጠው መጡ። አንዱ ሽማግሌ ሳያነሡኝ በፊት ኮፍያቸውን አውልቀው «ተመስገን፣ ተመስገን» አሉ። ቤታቸው ወስደው እሳት ዳር አስቀመጡኝ፣ ገብስ ቆሎ ሰጡኝ፣ አረቄ ቀዱልኝ።

«አያ፣ ሞተር የሚነዳ ሰው አይጠጣም» አልኳቸው።

«ምን ሞተር አለህ? ሞተርህ ሞቷል!» አሉኝ። ሳቅኩ፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። እሳቸውም ዝም ብለው እሳቱን ይቆሰቁሱ ጀመር። የዚያን ሌሊት እዚያው አደርኩ።

ማርቆስ ስመለስ ሞተሩን በአይሱዙ አስጭኜ በቀጥታ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ገመዱን መዝዞ አሳየኝ፤ የተበጠሰችው ሽቦ ቱቦው ውስጥ ተጠማዝዛ ነበር። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ቀዩን ቁልፍ ግን ማን ሠራው?» አልኩት።

«የቱን? እኔ አልነካሁትም።»

ጥግ ላይ ብሎን በቤንዚን የሚያጥብ ልጅ ነበር፣ ሥራ ለመልመድ የገባ፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ሁልጊዜ ሞተሬ ላይ ሲወጣ «ውረድ አንተ!» እያልኩ የማባርረው። ቀና ብሎ አየንና አንገቱን ደፋ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ያለፈው ሳምንት ካቴናውን ለማጥበቅ ያመጡት ጊዜ። ከፋኖሱ ሥር ያለው ሽቦ ተበጥሶ አየሁት። መበየድ ልለማመድ ብዬ ያዝኩት።» የሚመታ መስሎት ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። «እንዳይቆጡኝ ብዬ አልነገርኩም።»

ማለት እኔ ጮቄ ላይ ስጮህ መልሱ ከሳምንት በፊት ተበይዶ ተቀምጦ ነበር። ሰው «ታዲያ የሠራው ልጁ ነው እንጂ ምን ተአምር አለው» ይለኛል፤ መካኒኩም እንደዚያው ብሎኛል። አልከራከርም። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የሞተ ቁልፍ መሆኑን የማውቀውን መዳፌ ለምን መታው?

አሁን ማለዳ እጀታውን በሦስቱም አቅጣጫ ሳልሞክር አልወጣም፣ ቀዩንም ቁልፍ ሞተሩ እየሠራ ተጭኜ አጠፋዋለሁ፣ ከዚያ እንደገና አስነሣለሁ። ጓንትም ገዝቻለሁ። እናቴ ጓንቱን ስታይ «ገብርኤል ነው ያስገዛህ» ትላለች።

ጥላውን ባገባሁ ማግስት ለልጁ መበየጃ ገዝቼ ሄድኩ። ካርቶኑን ከፈተ፣ አገላብጦ አየው፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አነበበ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ 60 ዋት ነው። ለቀጭን ሽቦ ይበዛል፣ ያቃጥለዋል። ሄጄ በ30 ልለውጠው?»