ትሪጎኖሜትሪ ላይ ፕሩፍ (ማረጋገጫ) ስትሠሩ ከመጨረሻው አትጀምሩ

ይህን የምጽፈው 10ኛ ክፍል እያለሁ ማንም ስላልነገረኝ ነው። አሁን እዚሁ ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ፣ ማታ ማታ ተማሪዎች አስጠናለሁ። የሚመጡት ልጆች ማርክ የሚጥሉት እኔ የጣልኩበት ቦታ ላይ ነው። ያናድደኛል።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልበለው። ሳይን² ሀ + ኮሳይን² ሀ = 1 የሚለውን (ሀ አንግሉ ነው) ዝም ብላችሁ አትሸምድዱ። ራዲየሱ 1 የሆነ ክብ ሳሉና ከፓይታጎረስ አውጡት። ሁለቱን ወገን ለኮሳይን² ሀ ስታካፍሉ 1 + ታንጀንት² ሀ = ሴካንት² ሀ ይመጣል። ለሳይን² ሀ ስታካፍሉ ደግሞ የኮታንጀንቱ ይመጣል። ታንጀንትና ሴካንት ሲበዛባችሁ ሁሉንም ወደ ሳይንና ኮሳይን ቀይሩ። ክፍልፋይ ካለ ታሕቱን አንድ አድርጉ። ከተወሳሰበው ወገን ጀምሩ። እዚህ ድረስ አስተማሪዎች የሚሉት ትክክል ነው።

ጉዱ ያለው ይህን አረጋግጡ ስትባሉ ነው፦

ሳይን ሀ / (1 + ኮሳይን ሀ) = (1 − ኮሳይን ሀ) / ሳይን ሀ

10ኛ ክፍል ያስተማረን መምህር "ክሮስ መልቲፕላይ አድርጉ" አለን። በግራ ሳይን² ሀ፣ በቀኝ 1 − ኮሳይን² ሀ መጣ። እነሱ እኩል ናቸው። "አለቀ፣ ተረጋገጠ" ብሎ ሰሌዳውን አጠፋ። ዓመቱን ሙሉ እንደዛ ሠራን፣ ሙሉ ማርክም ተሰጠን።

11ኛ ክፍል ሌላ መምህር መጣ። ያንኑ አሠራር ጽፌ ሰጠሁት። ገጹን ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ ዜሮ ሰጠኝ። አጠገቡ አንድ ቃል አልጻፈም። ቢሮው ድረስ ሄጄ ስጠይቀው "የሚረጋገጠውን እንደ እውነት ወስደሽ ነው የጀመርሽው" አለኝና ወደሚያርመው ወረቀት ተመለሰ። በቃ። አንዱ ያስተማረኝን ሌላው ቀጣኝ፣ በመሃል ያስረዳኝ ሰው የለም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ነገሩን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበርና።

አምስት ደቂቃዋ ይቺ ናት። 1 = −1 ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱንም ወገን ስኩዌር አድርጉ። 1 = 1 መጣ። መጨረሻው እውነት ነው፣ መነሻው ግን ውሸት ነበር። ስለዚህ እውነት ላይ መድረስ ብቻውን የተነሳችሁበትን አያረጋግጥም። ከጅሬን ኮረብታ ቁልቁል የለቀቁት ኳስ በራሱ ይወርዳል፣ በራሱ ግን አይወጣም። መጨረሻ ላይ ከደረሳችሁበት ተነስታችሁ ወደ መጀመሪያው መመለስ መቻል አለባችሁ።

"ይሄማ የቁጥር ጨዋታ ነው" የሚለኝ ተማሪ አይጠፋም። እሺ፣ ኮሳይን ሀ = √(1 − ሳይን² ሀ) አይደንቲቲ ነው፣ ማለትም ለማንኛውም አንግል ይሠራል? ስኩዌር ስታደርጉት ልክ የሆነ ይመስላል። ሀ 180° ሲሆን ግን ግራው −1፣ ቀኙ 1 ነው። በዚያ በ10ኛ ክፍሉ መንገድ ብንሄድ ይሄም "ተረጋገጠ" ሊባል ነው።

ታዲያ የላይኛውን እንዴት እንሥራው? የግራውን ብቻ ያዙ። ላዕሉንም ታሕቱንም በ(1 − ኮሳይን ሀ) አባዙ። ታሕቱ 1 − ኮሳይን² ሀ፣ ማለትም ሳይን² ሀ ይሆናል። ከላይ ሳይን ሀ × (1 − ኮሳይን ሀ) አለ። አንድ ሳይን ይጣፋል፣ ቀኙ ቁጭ ይላል። ሦስት መስመር ነው፣ ማንም አራሚ አይነካውም።

ከጎኑ "ሳይን ሀ ≠ 0" ብላችሁ ጻፉ። ሀ 0° ሲሆን ግራው 0 ነው፣ ቀኙ ግን 0 ለ0 ስለሚሆን ትርጉም የለውም። እኩልነቱ የሚሠራው ሁለቱም ወገን ትርጉም ባላቸው ቦታ ነው። ይህቺን መስመር ብዙ መምህራን አይጠይቁም። እናንተ ግን ጻፏት።

አንድ ነገር ላይ ከ11ኛው ክፍል መምህሬ ጋር አልስማማም። ሁለቱን ወገን መንካት ፈጽሞ ክልክል ነው ይል ነበር። አይደለም። ግራውን ለብቻው፣ ቀኙን ለብቻው አቅልላችሁ ሁለቱም አንድ ቦታ ከደረሱ ፕሩፉ ሙሉ ነው። ክልክሉ በእኩል ምልክቱ ላይ እያሻገሩ ማባዛትና ማካፈል ነው። ያውም የምታባዙበት ነገር ዜሮ እንዳልሆነ ካሳያችሁና ወደኋላ መመለስ ከቻላችሁ እሱም ይሠራል። ያኔ ዜሮ የተሰጠኝ ወረቀት ሁለት መስመር ቢጨመርበት ይድን ነበር።

"የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፣ ፕሩፍ ላይ ጊዜ አታባክኑ" የሚሉ መምህራንም አሉ። አትስሟቸው። ፕሩፍ የለመደ ልጅ ምርጫው ላይ ያለውን ኤክስፕሬሽን በቶሎ ያቀልላል። ያልለመደ አራቱንም ምርጫ እያስገባ ሲሞክር ሰዓቱ ያልቃል።

ፕሩፍ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ አንግል አስገብታችሁ ሞክሩ። ልክ ከመጣ ገና ምንም አልተረጋገጠም። ካልመጣ ግን ጥያቄው ራሱ ስህተት ነው፣ ወይም ስትገለብጡ ተሳስታችኋል። ታዲያ በ45° አትሞክሩ። እዚያ ሳይንና ኮሳይን እኩል ስለሆኑ ውሸቱ ያልፋችኋል። ሳይን ሀ × ታንጀንት ሀ = ኮሳይን ሀ የሚለውን በ45° ሞክሩት፣ ልክ ይመጣል። በ30° ስትሞክሩት ግራው 0.29 ገደማ፣ ቀኙ 0.87 ገደማ ነው።