የምክንያት ዓምድ

በጀታችን በተመዘገበ ተማሪ ብዛት መሆኑ ቀርቶ በየዕለቱ በተገኘው ልክ መሰላት የጀመረ ዓመት፣ አቧራ ይለብስ የነበረው የስም መጥሪያ መዝገቤ ድንገት ተፈላጊ ሆነ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሰኞ ሰኞ እየመጡ በቀን በአማካይ ስንት ከመቶ ተማሪ እንደተገኘ፣ አማካዩን ይጠይቁኝ ነበር። «ካሊፎርኒያም የሚሠሩት እንዲሁ ነው» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ከሥልጠናው ይዘውት የተመለሱትም ይህንኑ ብቻ ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ 95 ከመቶ መድረሳችንን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

«40 ልጅ ባለበት ክፍል፣ በ180 የትምህርት ቀን፣ 95 ከመቶ ማለት 360 ቀሪ ነው» አልኳቸው። «እኩል ቢካፈሉት ለእያንዳንዱ 9 ቀን ነው። በዚህኛው ክፍል ግን 200ውን የወሰዱት አምስት ልጆች ናቸው።»

አምስቱን ዘረዘርኩላቸው። ሁለቱ አስም አለባቸው፤ አንዷ ጆሮዋ ይመግላል፤ አንዱን ጥርሱ ያሠቃየዋል፤ የአምስተኛውን ማንም አልጠየቀም። አስም ካለባቸው አንደኛው የሒሳብ ጎበዝ ነበር። ክፍልፋይ የተጀመረው እርሱ ሐኪም ቤት በተኛበት ሳምንት ነው፤ ከዚያ በኋላ መቶኛም መጣ፣ ምጥጥንም መጣ፣ ሁሉም ያንኑ ክፍልፋይ እየጠየቀ ጣለው። በአንዳንድ አገር 10 ከመቶ፣ ማለትም 18 ቀን የቀረ ልጅ ክትትል ያስፈልገዋል ተብሎ ይለያል። የእኔዎቹ ሁሉም ያንን በእጥፍ አልፈዋል።

«ከቀሪው ጎን የምክንያት ዓምድ ብንጨምር?» አልኩ።

«አማካዩን ከፍ ያደርገዋል?»

«ወዲያው አያደርገውም።»

«እንግዲያውስ ተዪው። ምክንያት በጀት አያመጣም።»

ያ «ተዪው» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። በቁጣ ቢሉት እረሳው ነበር፤ ያሉት ግን ሰዓታቸውን እያዩ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት አንድም ቀን ላልቀረ ተማሪ የምስክር ወረቀት እንደሚሰጥ ታወጀ። የሽልማቱ ቀን አንድ ልጅ በትኩሳት እየነደደ መጣ። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ዋለ፤ እኔም «ተገኝቷል» ብዬ ሞላሁ። በሳምንቱ ከዚያ ክፍል 14 ልጆች ቀሩ።

«ምን ተፈጠረ?» አሉ ምክትሉ።

«ጉንፋን ነው።»

«ጉንፋን አምናም ነበር።»

«አምና ሽልማት አልነበረም» የሚለው ግሩም መልስ የመጣልኝ ደረጃውን ወርጄ ከጨረስኩ በኋላ ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። ጉንፋኑ እኔንም ይዞኝ ነበር። በ11 ዓመት አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ተጠቅልዬ ገባሁና ያን ሰኞ አማካዩን ያስረዳኋቸው ፊት ለፊታቸው እየሳልኩ ነው። ረቡዕ ምክትሉ ከሥራ ቀሩ። ሐሙስና ዓርብም አልመጡም።

የሠራተኛውንም መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ሲመለሱ ገጹን ገለጥ አድርገው ሦስቱን «ቀሪ» በጣታቸው ቆጠሩ።

«ታምሜ እንደነበር ታውቂያለሽ እኮ!»

«አውቃለሁ» አልኳቸው። «የምጽፍበት ዓምድ ግን የለኝም።»